የአቶ ሽፈራው ረዣዥም ፎልደሮች

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። ከዛፉ ሥር ለሁላችሁም ቦታ አለ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ የትም አትሄዱም፤ እኔም አልሄድም። የምነግራችሁ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነውን ነው። ሰው በሞላበት ከተማ አንዲት ልጅ እንዴት መውጫ እንዳጣች ስሙኝማ።

ጥቅምት ነበር። ወባ በየቤቱ አንድ ሁለት ሰው አስተኝታለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ የእትዬ ቆንጅትን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ረገጡ።

«አራት ጉርድ ፎቶግራፍ።»

«ለምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል።

«ለጡረታ።»

በሆዷ እፎይ አለች። «ለመታወቂያ» ቢሉ ኖሮ «እየተከተሉኝ ነው» ማለት ነበር።

ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀመጠቻቸው። አንገታቸውን አቃናች። የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከለች። እጇ ከኮቱ ሲመለስ ባዶ አልነበረም።

ፋይሉን የያዘው ፍላሽ ዲስክ ተላልፏል።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጫማውን ሁለተኛ ጊዜ እያስጠረገ ነው። ጫማው ሲመጣም ንጹሕ ነበር።

«ወደዚያ እንዳያዩ» አለች። «ይሳቁ።»

«ለጉርድ ፎቶ አይሳቅም፣ ልጄ።»

ልጅቱ ትህትና ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የላኳት ሰዎች ደግሞ በስልክ «ማሾ» ይሏታል። ስምንት ወር ሙሉ ማመልከቻ ስትጽፍና ፎቶ ኮፒ ስታነሳ የከረመችው ለዚህች ቀን ነው። ሽማግሌው አቶ ሽፈራው ናቸው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ የኖሩ፣ አሁን አንድ ነጋዴ ዘንድ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠሩ። ከዓመት በፊት አዲስ የገባ የወባ ክኒን በጥፍራቸው ቢጭሩት እንደ ጠመኔ ረገፈባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አላየሁም ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው አመለከቱ። ያቺ ማመልከቻ ናት ብዙ ቢሮ ዞራ ማሾን ወደ ሮቢት ያመጣቻት።

ፍላሹ ላይ ያለው የሐሰተኛው መድኃኒት ዝርዝር ነው። የትኛው መኪና፣ በየትኛው ቀን፣ በማን አሳላፊነት። አቶ ሽፈራው ከነጋዴው ኮምፒውተር ቀድተው፣ እሷ በሰጠቻቸው ፕሮግራም ቆልፈውታል።

«ቁልፉ የተቀጠርኩበት ቀን ነው» አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «አሥራ አራት፣ ዜሮ አምስት፣ ሰማንያ አራት። ቤቴ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ይሠራል።»

«ጓሮ ክፍል ይቀመጡ፣ ጋሼ። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

አንድ ሰዓት አይፈጅም። እንዲያ ነበር ያለችው።

አንድ ሕግ ነበር፤ የቅርብ አለቃዋ «ዋርካ» ያወጣው። ዋርካን ከተማው የሚያውቀው ፈለቀ የሽንኩርት ነጋዴው ብሎ ነው። የመጣ ፋይል ሁሉ ወዲያው በደንበኞች ሥራ ውስጥ ይቀበር፣ ፍላሹ ይሰበር፤ ሕጉ ይኸው ነው። የአቶ ሽፈራውን ፎልደር እንዳለ ወደምትሠራበት ላፕቶፕ ቀዳች። ከደንበኞች ፎልደር ገባች፤ ከዚያ ውስጥ የሠርግ ጥሪዎች፣ ከዚያ ውስጥ የዓመቱ፣ ከዚያ ውስጥ የወሩ፣ ከሁሉም በታች የሙሽሮቹ። እዚያ ቀበረችው። ፍላሹን በጫማዋ ተረከዝ አደቀቀችው።

ከዚያ ቁልፉን ጻፈች።

ፋይሉን መፍታት አልተቻለም።

ቀስ ብላ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ደግማ ጻፈች።

ፋይሉን መፍታት አልተቻለም።

ሰማንያ አራትን ሙሉ ዓመት አድርጋ ሞከረች። ቀኑንና ወሩን ገለበጠች። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች። አሥራ ሁለት ጊዜ። አሥራ ሁለቱንም ያው መልስ። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ ነፋስ የለውም።

ለዋርካ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሽንኩርቱ አልላጥ አለኝ።»

«ስንት ጊዜ ሞከርሽ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ቢላዋውስ?»

«እሳቸው የሰጡኝ ነው።»

ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እንግዲያው የበሰበሰ ነው» አለ። «ሽማግሌው ሸጦናል። ባዶ ፋይል አስታቅፎሽ ጊዜ እየገዛላቸው ነው።»

«ጋሼ፣ ሰውየው እንዲህ ዓይነት...»

«ወደ ጀውሃ ላኪው። ስምንት ሰዓት ላይ፣ የምበላበት ቤት። ስልኩን ያጥፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያንቺ ሥራ አይደለም።»

ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ዝርዝሩን ሲያስረክቡ ራቅ ወዳለ አገር ወስደን እንደብቅዎታለን ተብለው ነበር። አሁን የሚወስዳቸው መኪና አይመጣም። ነጋዴው ነገሩን ሲሰማ አቶ ሽፈራው አንድ ሌሊት አያድሩም።

ጓሮ ገባች። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ቢሮ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠዋል።

«ጀውሃ ይሂዱ። አንድ ሰው ይቀበልዎታል።»

«ተከፈተልሽ?»

«ስልክዎን ያጥፉ፣ ጋሼ።»

አዩዋት። ስልካቸውን አጥፍተው በኪሳቸው ከተቱና በጓሮ በር ወጡ።

አሁን አምስት ሰዓት ነው። ፋይሉ ከስምንት ሰዓት በፊት ከተከፈተ ሰውየው ንጹሕ ናቸው። ካልተከፈተ አለቀላቸው።

ይህን የኮምፒውተር ነገር ለኔም ሁለት ጊዜ ነው ያስረዱኝ፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ልጅቱ ለራሷ እንዲህ አለች፤ ወይ ቁልፉ ነው፣ ወይ ፋይሉ ነው፣ ወይ ፕሮግራሙ ነው። የራሷን ትንሽ ደብዳቤ ጻፈች። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ቁልፍ ቆለፈችው። ከፈተችው። ተከፈተ። ፕሮግራሙ ደህና ነው። ያንኑ ደብዳቤ አንስታ ከአቶ ሽፈራው ፋይል ጎን ወሰደችው።

ፋይሉን መፍታት አልተቻለም።

የራሷ ደብዳቤ ነው! ቁልፉንም ራሷ ናት የሰጠችው። ውጭ ይከፈታል፤ እዚያ ሲገባ አይከፈትም። እንግዲያስ የታመመው ፋይሉ አይደለም፣ ቦታው ነው።

የዚያን ጊዜ ነው የፎልደሮቹን ስም ያነበበችው። አቶ ሽፈራው የዱሮ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ የወረቀት ማህደር ጀርባ ላይ ሙሉ ርዕስ ሲጽፉ ኖረው፣ ኮምፒውተር ሲመጣም ልማዳቸውን ይዘው ገቡ። የላይኛው ፎልደር «የመድኃኒትና የሕክምና መገልገያዎች መጋዘን የገቢና የወጪ ዕቃዎች እንቅስቃሴ የያዝነው በጀት ዓመት የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ለክቡር ሥራ አስኪያጅ በግልባጭ የሚቀርብ» ይላል። በውስጡ ያለው ደግሞ «ከዚህ በፊት ከተላከው ማህደር ጋር ተያይዞ የሚታይና ከሚመለከታቸው በስተቀር ሌላ ሰው እንዳይከፍተው በጥብቅ የሚያሳስብ» ነው።

ሳቋ መጣባት። ወዲያው እንባዋ መጣ።

ኮምፒውተር የአንድን ፋይል አድራሻ የሚያነበው ከላይኛው ፎልደር እስከ ታችኛው ድረስ ያለውን ስም ሁሉ ገጣጥሞ ነው። ያ መፍቻ ፕሮግራም ከሁለት መቶ ስልሳ ፊደል በላይ አይችልም። ካለፈ ፋይሉ ጋ መድረስ ያቅተዋል፤ አልደረስኩም አይልም፣ አልፈታ አለኝ ብሎ ይመልሳል። በጣቷ ቆጠረች። አቶ ሽፈራው ቤት ሁለት መቶ አርባ ነበር፤ በጭንቅ ያልፋል። እሷ ግን አምስት ፎልደር ከላይ ጭና ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት አድርሳዋለች።

ስትደብቀው የቆለፈችው ራሷ ናት። ሽማግሌው ጥፋት አልነበረባቸውም።

የሁሉንም ቅጂ ሠራች። በቅጂው ላይ ያን ሁሉ ማዕረግ ደምስሳ «ሀ» አለችው፤ የውስጡን «ለ»። ቁልፉን ጻፈች።

ተከፈተ።

የመኪናው ሰሌዳ አለ። ቀኑ የዛሬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት፣ ጣርማ በር ዋሻ። ከዚያ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ ካራቆሬ። መጨረሻው መስመር ላይ «አሳላፊ» ተብሎ የስልክ ቁጥር ተጽፏል።

ያን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ስምንት ወር ደውላበታለች።

የዋርካ ነው።

ማራገቢያው ይዞራል። ከመንገዱ ማዶ ወፍራሙ ሰውዬ ተነስቶ ቆሟል። ነጋዴው ብቻ ያሰማራው መስሏት ነበር፤ ለካ የሷም አለቃ ሰው ነው። ከፊት እሱ። ከላይ አለቃዋ። አቶ ሽፈራውን በገዛ አፏ ወደ ገዳያቸው ልካለች፣ ስልካቸውንም አጥፉ ብላለች።

አንድ ቁጥር ቀርቷታል። በሕይወት አንዴ ብቻ የሚደወል። ከዋርካ በላይ ያለችው አለቃ ናት፣ ደብረ ብርሃን የምትቀመጥ፤ «ብርድ» ይሏታል። የፋይሉን ፎቶ ላከችላት፣ ደወለች።

«አየሁት» አለች ብርድ። ድምፅዋ አይሞቅ አይቀዘቅዝ። «መኪናውን ዋሻው ላይ እይዘዋለሁ። ዋርካ ከዚያ በፊት ካወቀ ግን ያስመልሰዋል። ሰዎቼም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጀውሃ አይደርሱም።»

«ምን ላድርግ?»

«እስከ ዘጠኝ ከወንበሩ እንዳይነሳ። ስልክ እንዳያነሳ።»

«ሽማግሌው አብረውት ናቸው።»

«እስከ ዘጠኝ» አለችና ዘጋችው።

ተከፍቶ የነበረውን ቅጂ አጠፋችው። ረዣዥሞቹን ፎልደሮች እንደነበሩ፣ ሠርግ ጥሪው ሥር ተወቻቸው። ላፕቶፑን አቀፈች። እትዬ ቆንጅትን ጓሮ ደጅ ላይ የሽሮ አተር ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

«ምሳሽስ፣ ትህትናዬ?»

«መጣሁ፣ እትዬ።»

በጓሮ ወጣች። ባጃጅ ነጂው ሐምዛ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ያንጎላጃል።

«ጀውሃ።»

«በባጃጅ? አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ይቺ ከሮቢት ወጥታ አታውቅም፣ ታለቅሳለች!»

«አብሬያት አለቅሳለሁ። ንዳ።»

ከግራ ከቀኝ ማሽላው ሰው ቁመት አልፏል። መንገዱ አንድ ነው፤ መመለሻ የለውም። ሐምዛ የሚያወራውን አንዱንም አልሰማችው። ሰዓቷን ብቻ ታያለች። ስምንት ከአምስት ላይ ደረሱ።

የምግብ ቤቱ በረንዳ በሾፌር ተሞልቷል። ጥግ ላይ ፈለቀ ተቀምጧል፣ ፎጣ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ። አቶ ሽፈራው ከፊቱ ናቸው። ምግባቸውን አልነኩም።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለ ፈለቀ ፈገግ እንዳለ።

«አለመከፈቱን በዓይንዎ እንዲያዩት ብዬ ነው። ነገ እኔ ላይ እንዳይመጣ።»

ፎጣው ተነቃነቀ። ከሥሩ የብረት ጫፍ ብቅ አለና ተመለሰ።

«ክፈቺ» አለ።

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረች። ቁጥሩን እየነገረችው ቁልፉን ራሱ ጻፈ።

ፋይሉን መፍታት አልተቻለም።

ትከሻው ሲረግብ አየችው። ስምንት ወር አጎንብሳ የሰማችው ሰው፣ በማይከፈት ፋይል ደስ ሲለው።

«በል አቶ ሽፈራው፣ እንነሳ» አለ። «ካራቆሬ የሚጠብቁህ አሉ።»

ስምንት ከሃያ። አርባ ደቂቃ።

«አይነሱም!» አለች። «ስምንት ወር ያቃጠለኝን ሰው በነፃ አልለቅም። በራሳቸው እጅ ይክፈቱት!»

ፈለቀ አሰበ። ሌላ ቁልፍ ይኑር አይኑር ማወቁን እሱም ይፈልገዋል። መልሶ ተቀመጠ።

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አደረጉ። ጻፉ። አልተከፈተም። ጣታቸውን በሱሪያቸው አድርቀው ደግመው ጻፉ። አልተከፈተም።

«ልጄ፣ ቁልፉ ትክክል ነው።»

«ዋሽተውኛል።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቼ የተቀጠርኩበትን ቀን እረሳለሁ?»

«ዋሽተውኛል አልኩ!»

«ምናልባት... ዕድሜ ነው... አሥራ አራት ይሁን አሥራ አምስት...» ይሉና ይጽፋሉ። ልትነግራቸው አልቻለችም። እሷ እያወቀች እሳቸው በራሳቸው ሲጠራጠሩ ቁጭ ብላ አየች።

ድንገት አቶ ሽፈራው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ግን እኔ ያስቀመጥኩበት ቦታ አይደለም። የሠርግ ጥሪ ምን አመጣው? ቆይ፣ ፎልደሬን ከዚህ እናውጣውና...»

ፈለቀ ቀና አለ።

የሽማግሌው ጣት ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ወረደ።

በጥፊ መታቻቸው።

መነጽራቸው ሳህን ውስጥ ወደቀ። ጉንጫቸውን ይዘው አዩዋት፤ ቁጣ አልነበረም ዓይናቸው ላይ። ግራ መጋባት ብቻ።

ላፕቶፑን ከደነችው።

የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ፣ ልጆቼ። ሴት ልጅ አባቷን የሚያህል ሰው በጥፊ መትታ፣ ያ በረንዳ ምሳውን የሚቀጥል ይመስላችኋል? ስድስት ሰው ባንዴ ተነሳ። ከፊት የመጡት ሐጂ አብዱረሂም ናቸው፤ የጀውሃ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው።

«አስተግፊሩላህ! የአባት ፊት ይመታል?»

«ሐጂ፣ የኛ የውስጥ ጉዳይ ነው» አለ ፈለቀ ፎጣውን እየሳበ። «እቸኩላለሁ።»

«ተቀመጥ፣ ፈለቀ። ሽንኩርት እግር የለውም፣ የት ይሄድብሃል?»

ሰው ሳቀ። ሁለት ገበሬዎች ግራና ቀኙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እዚህ ቤት የተጣላ፣ ሳይታረቅ አይሸኝም» አሉ ሐጂ። «ስልካችሁንም ወዲህ በሉ። ሽምግልና መሐል ሲጮህ አልወድም።»

ፈለቀ ዙሪያውን አየ። ከነዚህ ሰዎች ሽንኩርት ሲገዛ ኖሯል። እምቢ ቢል ጀውሃ ዳግም ሰላም አይለውም፤ ሰላም የማይባል ነጋዴ ደግሞ ሽፋን የለውም። ስልኩን ሰጠ። ሐጂ ጀለቢያቸው ኪስ ከተቱት።

ስምንት ከሠላሳ አምስት።

ሽምግልና ቀስ ይላል። አንዱ ይመርቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ የራሱን ጠብ ያነሳል። ማሾ እያንዳንዱን ቃል ወደደችው። ፎጣው ሥር ያለው አፈሙዝ ግን ወደ ሆዷ ዞሮ ነበር።

«ይቅርታ ጠይቂ» አሏት።

ወለሉ ላይ ወደቀች። የአቶ ሽፈራውን ጉልበት አቀፈች። ይህን የምታደርገው ጊዜ ለመግዛት ነበር። ጉልበታቸውን ስትነካ ግን እውነት ሆነባት፤ ተንሰቀሰቀች።

«ወንድሜ ሽፈራው፣ ይቅር በላት» አሉ ሐጂ።

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን ከሳህኑ አውጥተው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ጥፊውስ ይቅር» አሉ። «ዋሸህ ያለችኝ ግን...»

ስልክ ጮኸ።

ሐጂ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። እንደገና።

ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት።

ለፈለቀ ሦስት ጊዜ እያከታተለ የሚደውል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነጋዴው። ዓይኑ ከሐጂ ኪስ ወደ ላፕቶፑ፣ ከላፕቶፑ ወደ ልጅቱ ሄደ።

«ከፍተሽዋል» አለ።

ተኮሰ።

ላፕቶፑን ደረቷ ላይ ነበር ያቀፈችው። ጥይቱ መሐሉን በስቶ የጎን አጥንቷን ጫረ። ሁለተኛ አልተኮሰም፤ ገበሬዎቹ ክንዱን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቀውታል። ነጭ ፒክአፕ በረንዳው ጫፍ ላይ አቆመ፤ ሲቪል የለበሱ አራት ሰዎች ወረዱ። መድኃኒቱ ዋሻው አፍ ላይ ተይዟል።

ሁሉም አለቀ። ቆላው ያን ጠመኔ አልዋጠም።

አቶ ሽፈራውን ደግፈው ወደ ሌላ መኪና ወሰዷቸው። በአጠገቧ አለፉ። ላፕቶፑን ልትከፍትላቸው፣ ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ ልታሳያቸው ፈለገች። ከመሐሉ የተሰባበረ መስታወት ረገፈ።

«ጋሼ...»

ቀና ብለው አላዩዋትም። በሩ ተዘጋ።

ያን ቀን ማታ፣ ጎኗን ካሸጉላት በኋላ፣ ብርድ ደወለች።

«ይንገሯቸው» አለች ማሾ። «ፎልደሩ ነው፣ ስሙ ረዝሞ ነው፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ ብለው ይንገሯቸው።»

«ምስክር ናቸው። እስኪፈረድ ድረስ ከሌላ ሰው ምንም ነገር ጆሯቸው መግባት የለበትም።»

«ከፍርዱ በኋላስ?»

«ከፍርዱ በኋላ አንቺ የለሽም።»

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ረዳቱ ስሟን ቢጠይቃት ሌላ ስም ነገረችው። ሮቢት ላይ እትዬ ቆንጅት የቤታቸውን ቁልፍ አምነው የሰጧት ልጅ ለምን እንደጠፋች ለጎረቤት ሲያወሩ ሰነበቱ። ፍርዱ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ነው።

እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ልጅቱን አታውቋትም፤ ብታገኟትም አትነግራችሁም። አቶ ሽፈራው ግን የሆነ ቦታ፣ በሰው አገር፣ የተቀጠሩበትን ቀን የዘነጉ እየመሰላቸው ጣታቸውን ይቆጥራሉ። እሳቸው ራሳቸውን ቢጠራጠሩ፣ እናንተ አትጠራጠሯቸው። ያዙልኝ። አልረሱም ነበር። ቁልፉ ልክ ነበር።